እርጅና፣ ሚዛንና አንጎል፤ የአንድ ጥያቄ ታሪክ

ሰው በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ የሚቆም ፍጡር ነው። የክብደቱ አብዛኛው ክፍል ከጉልበቱ በላይ ሲሆን የሚያርፍበት ስፍራ ግን ከሁለት የእግር ጫማ እምብዛም አይሰፋም። ስለዚህ መቆም ማለት መውደቅን ያለማቋረጥ መከላከል ማለት ነው። ወጣትና ጤነኛ የሆነ ሰው ይህን ሥራ ቀኑን ሙሉ ሲሠራው ይውላል፤ እየሠራው መሆኑን ግን አያውቀውም። ዕድሜ ሲገፋ ያ የማይታወቅ የነበረው ሥራ መታወቅ ይጀምራል። የምንጣፍ ጠርዝ፣ የረጠበ ወለል፣ የደረጃው የመጨረሻ እርከን፣ ቀድሞ ልብ የማይባሉት ሁሉ የሚያሳስቡ ይሆናሉ።

አረጋዊ ሰው በወደቀ ጊዜ ቤተ ሰቡ «ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው» ይላል። ሐኪሙም ስብራቱን ጠግኖ ሲያበቃ ከዚህ የተለየ ነገር የሚናገርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ጉዳዩ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ፤ ከእነዚህም ትልቁን ቍጥር የሚይዙት ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው። ከሞት የተረፈውም ቢሆን የጭኑ አጥንት አንገት ተሰብሮ ለወራት አልጋ ይይዛል፤ ወይም አጥንቱ ደኅና ሆኖ ሳለ ዳግመኛ እወድቃለሁ በሚል ፍርሃት ከደጅ መውጣቱን ይተዋል። ቤት መዋሉ ጡንቻውን ያሰንፈዋል፤ የሰነፈው ጡንቻ ደግሞ ዳግመኛ ይጥለዋል።

«እርጅና ነው» የሚለው ቃል ጥያቄውን ይዘጋዋል እንጂ አይመልሰውም። ሚዛኑን ያጣው ሰው ምኑ ነው ያረጀው? ጆሮው ነው? እግሩ ነው? ወይስ አንጎሉ? ሳይንስ ለዚህ ጥያቄ ሁለት መቶ ዓመት በሚያህል ጊዜ ውስጥ የሰጣቸው መልሶች እየተለዋወጡ መጥተዋል። የእነዚህን መልሶች ታሪክ መከተል፣ ዛሬ በአረጋውያን አልጋ አጠገብ የሚቆም ባለሙያ ምን መጠየቅና ምን ማድረግ እንዳለበት ያሳያል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ከጆሮ የተጀመረው ፍለጋ

እስከ አሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ድረስ የውስጥ ጆሮ ሥራ መስማት ብቻ እንደ ሆነ ይታመን ነበር። ፈረንሳዊው ፒየር ፍሉራንስ በ1820ዎቹ የእርግቦችን የውስጥ ጆሮ ግማሽ ክብ ቦዮች አንድ በአንድ እየቈረጠ ሲመረምር፣ እርግቦቹ መስማታቸውን ሳያጡ ራሳቸውን በተቈረጠው ቦይ አቅጣጫ እያወዛወዙ መቆምም ሆነ መብረር ተሳናቸው። ፍሉራንስ በዚያው ዘመን ንዑስ አንጎል የእንቅስቃሴ አስተባባሪ መሆኑንም አሳይቷል። ይሁን እንጂ የቦዮቹ ነገር ለጊዜው የእርግብ ጉዳይ ሆኖ ቀረ። ወደ ሰው የተሸጋገረው በፓሪስ የመስማት ችግር ላለባቸው ሰዎች በተቋቋመው ተቋም ሐኪም የነበረው ፕሮስፐር ሜኒየር በ1861 ለሕክምና አካዳሚው ባቀረበው ሪፖርት ነው። ሜኒየር እንደ ገለጸው በድንገት የሚነሣ ራስ ማዞር፣ ማስታወክና የጆሮ ጩኸት፣ በዚያን ዘመን እንደሚታሰበው ከአንጎል ደም መሞላት ሳይሆን ከውስጥ ጆሮ ሕመም ሊመጣ ይችላል።

ከአሥር ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1873 እና በ1875 መካከል፣ ሦስት ሰዎች በሦስት ከተሞች ተለያይተው ሳሉ ወደ አንድ ሐሳብ ደረሱ። በፕራግ የፊዚክስ ሊቁ ኤርንስት ማኽ፣ በቪየና ሐኪሙ ዮሴፍ ብሮየር፣ በኤዲንብራ የኬሚስትሪ መምህሩ አሌክሳንደር ክራም ብራውን፣ ራስ በዞረ ጊዜ በቦዮቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወደ ኋላ እየቀረ የነርቭ ጫፎችን እንደሚቀሰቅስ አስረዱ። ሚዛን የራሱ የስሜት ሕዋስ ያለው መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ይህን ዕውቀት ወደ ሕክምና ክፍል ያስገባው ሮበርት ባራኒ ነው። ባራኒ በቪየና የበሽተኞችን ጆሮ በውሃ ሲያጥብ፣ ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ዐይናቸው ወደ አንድ ወገን፣ ሞቃት ከሆነ ወደ ሌላው ወገን እየተወረወረ እንደሚመለስና ራሳቸውንም እንደሚያዞራቸው አስተዋለ። ከዚህ ተነሥቶ ያወጣው ምርመራ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። ባራኒ የ1914 የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተማርኮ በሩሲያ የምርኮኞች ሰፈር ነበረ፤ በስዊድን መንግሥት ቤተ ሰብ አማላጅነት በ1916 ተፈትቶ ሽልማቱን ተቀበለ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የእርጅና ጥያቄ በቀጥታ የተነሣበት ጊዜ አልነበረም። በኋላ ግን የጆሮው መንገድ አንድ እውነተኛ መልስ ሰጥቷል። በስዊድን አገር ኡልፍ ሮዘንሃል በ1973 ባወጣው ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት ባለፈ ሰዎች በግማሽ ክብ ቦዮቹ ውስጥ ካሉት ስሜት ተቀባይ ሕዋሳት 40 በመቶ ያህሉ ጠፍተው ተገኝተዋል። ስለዚህ ጆሮ በእርግጥ ያረጃል። ነገር ግን ከጆሮው እኩል ያጡ ሁለት አረጋውያን አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሳይወድቅ ይኖራል። ስለሆነም ጆሮ ብቻውን በቂ ምክንያት ሊሆን አልቻለም።

አንጎል የማይፈልገው ሚዛን

ከጆሮው ፍለጋ ጐን ለጐን ሌላ መንገድ ተከፍቶ ነበር። በርሊናዊው ሐኪም ሞሪትስ ሮምበርግ በ1840ዎቹ ባሳተመው የነርቭ በሽታዎች መጽሐፍ፣ ሕብለ ሠረሠራቸው የተጐዳ በሽተኞች ዐይናቸውን ገልጠው ሳሉ ቆመው፣ ዐይናቸውን ሲጨፍኑ ግን እንደሚንገዳገዱ ጽፏል። የዚህ ትርጕም ግልጽ ነው፤ እግር ስላለበት ሁኔታ የሚያስተላልፈው መልእክት ሲቋረጥ ዐይን ይተካዋል፣ ዐይንም ሲዘጋ የሚተካ ይጠፋል። ሚዛን እንግዲህ የአንድ ሕዋስ ሥራ ሳይሆን የዐይን፣ የጆሮና የእግር የጋራ ሥራ ነው ማለት ነው።

እነዚህ ሦስት መልእክቶች የት ይገናኛሉ? በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የተሰጠው መልስ ከሕብለ ሠረሠርና ከአንጎል ግንድ አላለፈም። እንግሊዛዊው ቻርልስ ሼሪንግተን በሕክምና ቋንቋ ሪፍሌክስ የሚባለውን ቅጽበታዊ ምላሽ በሰፊው መርምሮ በ1906 ታላቅ መጽሐፉን አወጣ። በሆላንድ አገር በኡትሬክት ይሠራ የነበረው ሩዶልፍ ማግነስም በ1924 ባሳተመው ስለ አካል አቋቋም በሚናገር መጽሐፉ፣ የላይኛው አንጎሉ የተወገደለት እንስሳ ሲገለበጥ ራሱን አቃንቶ በእግሩ እንደሚቆም አሳየ። አካልን ቀጥ አድርጎ ለማቆም የአንጎል ቅርፊት የማያስፈልግ መሰለ።

ይህ ትምህርት ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የገዛ ትምህርት ነው። ለአረጋውያን ሕክምና ግን አንድ ጉዳት ነበረው። ሚዛን የታችኛው የነርቭ ክፍል ቅጽበታዊ ምላሽ ብቻ ከሆነ፣ እርጅና ማለት የምላሹ መዘግየት ብቻ ይሆናል፤ የነርቭን ፍጥነት መልሶ የሚሰጥ መድኃኒት ደግሞ የለም። «እርጅና ነው» የሚለው የቤተ ሰቡ ቃል በዚህ መንገድ የሳይንስ ድጋፍ አገኘ።

የወደቁትን የጠየቀ ሐኪም

ነገሩን ከቤተ ሙከራ አውጥቶ ወደ አረጋውያኑ ቤት የወሰደው የእንግሊዝ ሐኪም ጄ. ኤች. ሼልደን ነው። ሼልደን በዎልቨርሃምፕተን ከተማ ይሠራ ነበር፤ በ1948ም በዚያች ከተማ በየቤታቸው ስለሚኖሩ አረጋውያን የተደረገውን ጥናት በመጽሐፍ አሳትሟል። በ1960 ደግሞ 202 ሰዎች የወደቋቸውን 500 ውድቀቶች አንድ በአንድ ዘርዝሮ አቀረበ። ዘዴው ቀላል ነበር፤ የወደቀውን ሰው እንዴት እንደ ወደቀ ጠየቀው።

ከ500ዎቹ ውስጥ 171ዱ በአደጋ የደረሱ ሲሆኑ፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ በደረጃ ላይ የደረሱ ነበሩ። 125ቱ ግን ሰውየው ራሱን ሳይስት፣ ምንም ሳይደናቀፍ፣ ጉልበቱ በድንገት ከድቶት የወደቀባቸው ናቸው። ሌሎቹ በመደናቀፍ፣ በራስ ማዞር፣ ከመቀመጫ ሲነሡ የደም ግፊት በመውረዱና በመሳሰለው የመጡ ነበሩ። ሼልደን በ1963 የሰው አቋቋም በዕድሜ እንዴት እንደሚለዋወጥ ሲለካ ደግሞ፣ የሕፃናት መወዛወዝ ብዙ እንደ ሆነ፣ በጐልማሳነት እንደሚቀንስ፣ በእርጅና እንደገና እንደሚጨምር አገኘ።

የሼልደን ሥራ ዋጋ «መውደቅ» የሚባል አንድ ነገር እንደሌለ ማሳየቱ ነው። ውድቀት ብዙ ዐይነት ነው፤ እያንዳንዱም ምክንያት አለው፤ ምክንያት ያለው ነገር ደግሞ መፍትሔ ሊኖረው ይችላል። ይህ አስተሳሰብ በ1988 በአሜሪካ በሜሪ ቲኔቲ ጥናት በቍጥር ተደግፎ ታየ። ዕድሜያቸው 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 336 ሰዎች ለአንድ ዓመት ሲከታተሏቸው 108ቱ፣ ማለትም 32 በመቶው፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ ወደቁ። የማስታገሻ መድኃኒት መውሰድ፣ የማሰብ ችሎታ መዳከም፣ የእግር ጉድለት፣ ሚዛንና አረማመድ መበላሸት ሲደራረቡ የመውደቁ ዕድል ከፍ እያለ ሄደ።

የሚንሸራተተው ወለል

የሼልደን ምርመራ ሰዎች ለምን እንደሚወድቁ ቢያሳይም፣ ሚዛን በሚጠፋበት ቅጽበት በውስጣቸው ምን እንደሚሆን አላሳየም። ይህን ለማየት ሰውን ሳይጐዱ ሚዛኑን የሚያስቱበት መሣሪያ ያስፈልግ ነበር። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሉዊስ ናሽነር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ1970 ለዶክትሬት ካቀረበው ሥራ ጀምሮ፣ ሰው የሚቆምበትን ወለል በድንገት የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ እየተጠቀመ የእግር ጡንቻዎችን ምላሽ መዘገበ።

የተገኘው ውጤት የቀድሞውን ትምህርት በእጅጉ አሻሻለ። ወለሉ ወደ ኋላ ሲንሸራተትና ሰውነት ወደ ፊት ሲያዘነብል የባት ጡንቻ የሚመልሰው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ይህ ሐኪም ጉልበት በመዶሻ ሲመታ ከሚያየው ምላሽ የዘገየ፣ ሰው አስቦ ከሚያደርገው እንቅስቃሴ ግን የፈጠነ ነው። ጡንቻዎቹም በሥርዓት ይከታተላሉ፤ መጀመሪያ ባት፣ ቀጥሎ ጭን፣ ቀጥሎ ወገብ። ከዚህም በላይ ናሽነር በ1976 እንዳሳየው፣ ምላሹ ሚዛንን የሚጐዳ በሚሆንበት ጊዜ በጥቂት ሙከራዎች ውስጥ ይቀንሳል። እንግዲህ ምላሹ ይማራል ማለት ነው። የሚማር ነገር ደግሞ ከሕብለ ሠረሠር በላይ ያለ ኀይል እጁ ያለበት መሆን አለበት።

በ1986 ማርጆሪ ውላኮት፣ አን ሻምዌይ ኩክና ናሽነር ይህንኑ መሣሪያ ወደ አረጋውያን አዞሩት። የአንዳንዶቹ ምላሽ ዘገየ፤ መዘግየቱ ግን ዋናው ነገር አልነበረም። የጡንቻዎቹ ቅደም ተከተል አልፎ አልፎ ተገላበጠ። ተቃራኒ ሥራ ያላቸው ጡንቻዎች፣ የፊተኛውና የኋለኛው፣ በአንድነት መኮማተር አበዙ። ይህ እግርን እንደ እንጨት ያደርቀዋል፤ የደረቀ እግር ለጥቂት መወዛወዝ ጽኑ ቢመስልም ለትልቅ ግፊት ግን መተጣጠፍ አይችልም። ከዐይንና ከቁርጭምጭሚት የሚመጣው መልእክት እንዲሳሳት ሲደረግ ደግሞ ከወጣቶቹ ይልቅ ሚዛናቸውን ያጡት አረጋውያኑ ነበሩ። የተዳከመው ፍጥነት ብቻ ሳይሆን የማስተባበሩ ሥራም መሆኑ በዚህ ግልጽ ሆነ።

አንጎል ሲገባበት

የአንጎልን ኤሌክትሪክ ከራስ ቆዳ ላይ መመዝገብ ጀርመናዊው ሃንስ በርገር በ1929 ባሳተመው ሥራ ከተገለጸ በኋላ ብዙ ቢቆይም፣ ሚዛን እየሳተ ባለ ሰው ላይ መሞከሩ ግን ዘግይቶ የመጣ ነገር ነው። በ1984 በጀርመን አገር ፎልከር ዲትስና ባልደረቦቹ የቆመበት ወለል የተነቀነቀ ሰው አንጎል ምላሽ እንደሚሰጥ መዘገቡ። ከዚያ ወዲህ በተደረጉ ጥናቶች ይህ ምልክት ከመናድ በኋላ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ እስከ ሁለት አሥረኛ ባለው ጊዜ ውስጥ በራስ አናት ላይ ጐልቶ እንደሚታይ፣ ግፊቱ ያልተጠበቀ ሲሆንም እንደሚበረታ ታውቋል። የመጀመሪያው የጡንቻ ምላሽ የአንጎልን ቅርፊት ሳይጠብቅ ይወጣል፤ ቀጥሎ የሚመጣው፣ እግርን ማንሣት ወይም መደገፊያ መያዝ፣ የአንጎል ቅርፊት ሊካፈልበት የሚችል ነው። የማግነስ እንስሳ ራሱን ማቃናት ችሏል፤ በገበያ መካከል የሚሄድ ሰው ግን ከዚህ የበለጠ ይፈለግበታል።

በእርጅና ጊዜ ይህ የአንጎል ምላሽ ምን ይሆናል? የብዙዎች ግምት ይደክማል የሚል ነበር። በ1999 የታተመ ጥናት ሚዛናቸውና አረማመዳቸው ደካማ በሆኑ አረጋውያን ምልክቱ ዘግይቶና ተከፋፍሎ እንደሚታይ አሳይቷል። በ2020ዎቹ በአሜሪካ በአትላንታ ከተማ በሊና ቲንግ የሚመራው ቡድን ያወጣው ሥራ ግን ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ አሳየው። ወለሉ ጥቂት ብቻ ሲንቀሳቀስ፣ ወጣቱ ልብ ሳይለው በሚያልፈው ነቅናቂ፣ የአረጋዊው አንጎልና ጡንቻ ከወጣቱ የበለጠ ይሠራሉ። ተቃራኒ ጡንቻዎቻቸውን አብዝተው በአንድነት የሚያኮማትሩት ደግሞ ሚዛናቸውን መልሰው የመያዝ ችሎታቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ውጤት በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ነው። ያረጀው አንጎል የተኛ አንጎል አይደለም፤ ቀድሞ በታችኛው ክፍል ያልቅ የነበረውን ሥራ ራሱ ተረክቦ የሚሠራ፣ ለትንሹም ለትልቁም እኩል የሚነሣ አንጎል ነው። አንድ ቤት ዘበኛው ሲዳከም አባወራው ራሱ ለኮሽታ ሁሉ እንደሚነቃ ያለ ነው። ቤቱ አልተዘረፈም፤ አባወራው ግን ለሌላ ሥራ ኀይል አይተርፈውም።

የዚህን ዋጋ በግልጽ ያሳየው በስዊድን ኡሜዮ ከተማ በሊሊሞር ሉንዲን ኦልሰንና በባልደረቦቿ የተደረገ፣ መሣሪያ ያላስፈለገው ጥናት ነው። በ1997 የታተመው ይህ ሥራ በአንድነት መኖሪያ የሚኖሩ 58 አረጋውያንን የተመለከተ ነበር። አብሯቸው የሚሄደው ሰው ወሬ ሲጀምርላቸው 12ቱ መልስ ለመስጠት ቆሙ። ከእነዚህ 12 ውስጥ 10ሩ በስድስት ወር ጊዜ ውስጥ ወደቁ። እየሄዱ መነጋገር ያልቻሉት መሄዱ ራሱ ሐሳባቸውን በሙሉ የሚጠይቅ ሥራ ስለ ሆነባቸው ነው። አረጋዊ ሰው ጐዳና ላይ ቆም ብሎ ማውራቱ ሁልጊዜ የጨዋታ ፍቅር ብቻ አይደለም።

ምርኩዝና ልምምድ

እዚህ ላይ የሀገራችን ልማድ የሚነግረን ነገር አለ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ረጅሙን ሌሊት ቆመው የሚያመሰግኑ ካህናትና ሽማግሌዎች መቋሚያ ይይዛሉ። መቋሚያ ክብደት የሚያሳርፉበት መሆኑ የታወቀ ነው። ከዚህ ሌላ ጥቅም ሊኖረው እንደሚችል የሚጠቁም ጥናት በ1994 በአሜሪካ ታትሟል፤ ጆን ጄካና ጄምስ ላክነር እንዳሳዩት፣ የቆመ ሰው በጣቱ ጫፍ አንድን ጽኑ ነገር በቀስታ ቢነካ፣ ነክቶ ለመደገፍ የማይበቃ እንኳ ቢሆን፣ መወዛወዙ ይቀንሳል። ጣቱ ለአንጎል ስለ ሰውነት አቋም ተጨማሪ መልእክት ያቀብላል። ምርኩዝ የያዘ አረጋዊ ከዐይኑ፣ ከጆሮውና ከእግሩ የጐደለውን በእጁ ይሞላል ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። በመሆኑም ምርኩዝ መያዝን እንደ ውርደት ቆጥሮ የሚሸሽ አረጋዊ ሲያጋጥም ባለሙያው ይህን ሊያስረዳው ይገባል።

ሁለተኛው ነገር ልምምድ ነው። ምላሹ የሚማር ከሆነ በእርጅናም መማሩን አያቆምም። በአትላንታ በ1996 የታተመ የስቲቨን ዎልፍ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 200 ሰዎችን አካትቶ፣ ታይ ቺ የተባለውን ዝግ ያለ የቻይናውያን እንቅስቃሴ የተማሩት ደጋግሞ የመውደቅ ዕድላቸው በግማሽ ገደማ እንደ ቀነሰ አሳይቷል። በ2014 ደግሞ በችካጎ የተደረገ ጥናት 212 ሰዎችን ተመልክቷል። ከእነዚህ ከፊሎቹ፣ እንዳይወድቁ በመታጠቂያ ተይዘው፣ በአንድ ቀን ብቻ 24 ጊዜ እንዲያዳልጣቸው ተደረገ። በተከታዩ ዓመት የመውደቅ አደጋቸው በግማሽ ቀንሶ ተገኘ። ማዳለጥን የተማረ አንጎል ባዳለጠው ጊዜ አይደነግጥም።

ከታሪኩ የሚቀረው

የዚህ ጥያቄ ታሪክ ከእርግብ ጆሮ ተነሥቶ፣ በሕብለ ሠረሠር አልፎ፣ ወደ አንጎል ቅርፊት ደርሷል። እያንዳንዱ ዘመን የሰጠው መልስ ከፊል እውነት ነበረው፤ ጆሮም ያረጃል፣ ነርቭም ይዘገያል። ስሕተቱ ከፊሉን እንደ ሙሉ አድርጎ፣ አረጋዊውን ሊረዳ የማይችል ሰው ማድረጉ ላይ ነበር። የኋለኞቹ ጥናቶች ያሳዩት አረጋዊው ሚዛኑን ለመጠበቅ ከወጣቱ ያነሰ ሳይሆን የበለጠ የሚደክም መሆኑን ነው።

ይህን ያወቀ ባለሙያ በሥራው የሚለውጠው ነገር አለ። የወደቀን ሰው «የት ተሰበርህ» ብቻ ሳይሆን እንደ ሼልደን «እንዴት ወደቅህ» ብሎ ይጠይቃል፤ ያልወደቀውንም ባለፈው ዓመት ወድቆ እንደ ሆነ ይጠይቀዋል። ዐይኑን አስጨፍኖ አቋቋሙን፣ እያነጋገረ አረማመዱን ይመለከታል። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች፣ በተለይም የእንቅልፍና የማስታገሻዎቹን፣ ደግሞ ይመረምራል። ቤተ ሰቡ የመተላለፊያውን መብራት እንዲያበራ፣ የተጣጠፈውን ምንጣፍ እንዲያነሣ፣ ሽማግሌው ሲራመድ ወሬ እንዳያበዛበት ይመክራል። ከሁሉም በላይ እንዲንቀሳቀስ ያበረታታዋል እንጂ «ተቀምጠህ ዋል» አይለውም። ለዚህ ሁሉ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው «እርጅና ነው» ከሚለው ቃል በኋላ አንድ ጥያቄ መጨመር ነው።